ጎማው ይቅደም፣ ከፍታው ይከተል፦ ፒክአፕን ለአዲስ አበባ ዳርቻ መንገድ ማዘጋጀት

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ ወይም ገላን ዳር ቤት ለሠራ ሰው ክረምቱ የሚከብደው አስፋልቱ ላይ አይደለም። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ እስከ ግቢው በር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ሲኖትራክ ተመላልሶበት ሁለት ቦይ ይቆፍራል። በቦዮቹ መሃል የቀረው ጉብታ የመኪናውን ሆድ ይይዝና ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከራሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አካፋ፣ ድንጋይና የጎረቤት ትከሻ ነው።

መኪናን ከፍ ማድረግ ለዚህ ችግር እውነተኛ መፍትሔ ነው። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ካልተሠራ ግን ገንዘብ ይበላል፣ መሪ ያበላሻል፣ ሲብስም ሰው ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የማየው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ሊፍት (መኪናውን ከፍ የሚያደርገው የሞላና የባሌስትራ ስብስብ) ይገጠማል፣ ከዚያ "አሁን የሚገባው ትልቁ ጎማ የቱ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንያዝ። ሊፍት ከፍ የሚያደርገው ሻንሲውን፣ ካቢኑንና ሞተሩን ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ግን ከጎማዎቹ መሃል ጋር በአንድ ብረት የተያያዘ ስለሆነ ሊፍቱ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያነሳውም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን እንወስናለን። ሊፍቱ ለዚያ ጎማ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሆናል።

ምሳሌዬ በከተማችን በብዛት የሚታየው ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ካፕ ነው። ፊቱ በሞላ፣ ኋላው በባሌስትራ የቆመ ነው። ሃርድቶፕ የምንለው ላንድክሩዘር 70 የሚለይበት ቦታ ላይ ለይቼ እናገራለሁ።

ጎማውን በቁጥር መምረጥ

ጎማው ላይ 265/70R16 ተብሎ ከተጻፈ፣ 265 በሚሊ ሜትር ስፋቱ ነው። 70 ማለት የጎማው ግድግዳ ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። 16 ደግሞ በኢንች የቸርኬው ዲያሜትር፣ ማለትም ክቡን በመሃሉ አቋርጦ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ነው። ሙሉ ቁመቱን ለማወቅ 265ን በ0.70 አባዙት፣ 185.5 ይመጣል። ግድግዳው ከላይም ከታችም ስላለ እጥፍ አድርጉት፣ 371 ይሆናል። የቸርኬውን 406 ሚሊ ሜትር ጨምሩበት። ድምሩ 777 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ 30.6 ኢንች።

አሁን ከፍ ያሉትን እንይ። 265/75R16 804 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ጠባቡ 235/85R16 806 ነው። 285/75R16 ደግሞ 834 ይደርሳል። ዲፈረንሻሉ የሚነሳው የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው። በ265/75 ወደ 13 ሚሊ ሜትር፣ በ235/85 ወደ 14፣ በ285/75 ወደ 28 ታገኛላችሁ። ትንሽ ይመስላል፤ ጉብታ ላይ ግን በመንካትና ባለመንካት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይህችው ናት።

ታዲያ ለምን በቀጥታ ትልቁን አንወስድም? መልሱ አየራችን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በከተማችን ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አምስተኛ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ የሃርድቶፑ 1ኤችዜድ፣ ያንን ያህል ጉልበት ገና ሳይነሳ አጥቷል። በዚያ ላይ በ7 በመቶ የሚረዝም ጎማ ሲታከልበት ማርሹ ሁሉ በ7 በመቶ ይከብዳል። ወደ ሱሉልታ ስትወጡ አምስተኛ ማርሽ አልይዝ ይላል፣ ዳገት ላይ ስትነሱ ፍሪሲዮን ይሸታል። ቱርቦ ያለው የሃይሉክሱ ዲ4ዲ ሞተር የተሻለ ይቋቋማል፣ እሱም ቢሆን ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ ይከብደዋል። 285 የግድ ከሆነባችሁ የዲፈረንሻሉን ኮሮና ፒኞን ለመቀየር በጀት ያዙ፤ የፊቱም የኋላውም አብሮ ይቀየራል።

እኔ ለዳር ከተማ ኑሮ የምመክረው 265/75R16 ወይም 235/85R16 ነው። ከሁለቱ የቱ? መንገዳችሁ ቀይ አሽ ወይም ድንጋይ ተደልድሎበት ከላዩ ጭቃ የያዘ ከሆነ ጠባቡ 235 ይሻላል፤ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን ይረግጣል። ከሥሩ ምንም ያልተነጠፈበት ጥልቅ መረሬ ከሆነ ግን ጠባብ ጎማ ዝም ብሎ ይሰምጣል። እዚያ ሰፊውና ነፋሱ የቀነሰው ጎማ ይሻላል። በደንብ ውሃ በጠጣ የሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚያስተማምን ጎማ የለም፣ ዞሮ መሄድ ነው።

ጥርሱም ይታሰብበት። ማድ ቴሬን የሚባለው ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ጭቃን ያራግፋል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ያሰለቻል። ጠዋት ማታ ቀለበት መንገድ ላይ የምትውሉ ከሆነ ኦል ቴሬን ውሰዱ።

ስትገዙ ሦስት ነገር ከጎማው ግድግዳ ላይ አንብቡ። አንደኛ የጭነት ቁጥሩ፦ 112 ማለት ጎማው 1,120 ኪሎ ይሸከማል፣ 120 ማለት 1,400 ኪሎ ነው። መኪናው ይዞት ከወጣው ቁጥር በታች አትውረዱ፤ ጤፍ ወይም ሲሚንቶ የምትጭኑ ከሆነ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ የተመረተበት ጊዜ፦ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ናቸው። 2323 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሱቅ ውስጥ ጥርሱ እንደ አዲስ ሆኖ ብዙ ዓመት የቆየ ጎማ አለ፣ ላስቲኩ ደርቋል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትገቡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ቁጥር እዩ። ሦስተኛ፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። አራት በአራት የሚነዳ መኪና ላይ ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎች ተገጥመው በጠንካራ መንገድ ላይ ፎር ዊል ከተያዘ ማከፋፈያው ካምቢዮ ይጎዳል። ቅያሪ ጎማውም ያው ልክ መሆን አለበት፤ ከካሶኑ ሥር መግባቱንም ቀድማችሁ ለኩ።

ቸርኬው ላይ ቶሎ ልለፍ። ሃይሉክስ ፎር ዊል ስድስት ብሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ነው። የሃርድቶፑ 78ና 79 ሞዴሎች ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ አምስት ብሎን በ150 ሆነዋል፣ ስለዚህ አይወራረሱም። ለ265/75 ከ7 እስከ 8 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይሆናል። ጎማውን ወደ ውጭ በጣም የሚያወጣ ቸርኬ ወይም በመሃል የሚገባ ስፔሰር ኩሽኔታውን ይበላል፣ ፓራፋንጎም ያስነካል። ፋብሪካው ከሰጠው ብዙ ያልራቀውን ምረጡ።

ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ

መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። የጎማው ነፋስ ይስተካከል። ሁልጊዜ የምትጭኑት ዕቃ ላዩ ላይ ይኑር። ከዚያ በአራቱም ማዕዘን ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ ብላችሁ ለኩና ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፣ የጎማው ለውጥ ያሳስታችኋል። ግራና ቀኝ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ የደከመ ሞላ ወይም የተሰበረ ባሌስትራ አለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይታይ።

ከሥር ገብታችሁም እዩ። ቦል ጆይንት ይንቀጠቀጣል? የሲቪ ጆይንት (ወደ ፊት ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ላስቲክ ተቀዷል? ክሮቸራው ይላወሳል? የደከመ ዕቃ ላይ ሊፍት መግጠም ችግሩን ማፋጠን ነው። እግረ መንገዳችሁን ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርግላችሁን ክፍል ስለምታስቡት ለውጥ ጠይቁ፣ ለኢንሹራንሳችሁም አሳውቁ። ቦሎ ላይ ከመከራከር ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ስንት ይነሳ? ምንስ ይገጠም?

ለመረጥነው ጎማ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ በሃይሉክስ ፊት ላይ ሲቪ ጆይንቱ በሰላ ማዕዘን ይሠራል፣ ላስቲኩ ቶሎ ይቀደዳል፣ የላይኛው ክንድ ካልተቀየረም አላይመንቱ ልክ አይመጣም። ላይኛው ክብደት ከፍ ሲል መገልበጥም ይቀርባል። ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና ላይ ለመልክ ብሎ 100 ሚሊ ሜትር ማንሳትን አልደግፍም።

ሙሉ ስብስብ ግዙ፦ የፊት ሞላ፣ የኋላ ባሌስትራ፣ አራት አሞርዛተር፣ አዳዲስ ዩ ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ያለው ብሎን) እና ቡሽ። ሞላው ረዝሞ አሞርዛተሩ የድሮው ከሆነ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር አሞርዛተሩ ጫፉ ድረስ ተስቦ ይመታል። የጭነት መጠኑንም በሐቅ ተናገሩ። ባዶውን ለሚነዳ ሰው ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ሲገጠም መኪናው ኮረኮንች ላይ እየዘለለ መሬት ይለቃል።

ሁለት የተለመዱ ነገሮችን እንድትተዉ አጥብቄ እለምናለሁ። አንዱ ባሌስትራን በእሳት እያጋሉ ቀጥቅጦ ማጉበጥ ነው። ብረቱ በፋብሪካ ያገኘው የሙቀት ሕክምና ይጠፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይ ይተኛል ወይ ይሰነጠቃል። ሌላው ከጭነት መኪና የተፈታ ቅጠል መጨመር ነው። ከፍታ ይሰጣል፣ ግን ኋላው ድርቅ ይልና ድንጋጤው ሁሉ ወደ ሻንሲው ይሄዳል።

የኋላው ሥራ

ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና ዝገት ማላቀቂያ ቀቡ፤ ከሌለ ናፍታም ይረዳል። በማግስቱ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። በክሪክ ከዲፈረንሻሉ ሥር አንሱና ጠንካራ ስታንድ ሻንሲው ሥር አስገቡ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ ወይም በድንጋይና በብሎኬት ከተደገፈ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ጎማውን አውጡ። ክሪኩ ዲፈረንሻሉን እንደያዘ አሞርዛተሩን ፍቱ፣ ከዚያ ዩ ቦልቶቹን። ክሪኩን ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ዓይናችሁ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ላይ ይሁን፤ ከተወጠሩ አቁሙና ማሰሪያቸውን ፍቱ። ባሌስትራውን ከፊትና ከኋላ ማሰሪያው አውጡ። ይህን በአንድ ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ፣ ሁለቱን በአንዴ ከፈታችሁ አክስሉ ይዞርባችኋል።

አዲሱን ስታስገቡ የመሃል ብሎኑ ራስ በአክስሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ መኪናው ጎኑን ይዞ ይሄዳል። ዩ ቦልቱ አዲስ ይሁን፤ አንዴ የተወጠረ አይደገምም። አራቱን ዳዶዎች በመስቀል እያፈራረቃችሁ እኩል አጥብቁ፣ የመጨረሻውን ጥበቃ በሚለካ ቁልፍ አምራቹ በጻፈው መጠን አድርጉ። በባሌስትራው ጫፍና ጫፍ ያሉትን የቡሽ ብሎኖች ግን አሁን አታጥብቁ። መኪናው ወርዶ በራሱ ክብደት ከቆመ በኋላ ነው የሚጠበቁት። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ቡሹ እንደተጠመዘዘ ይቀራልና ቶሎ ይበጣጠሳል።

ኋላው ሲነሳ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ዕቃ አለ። ብዙ ሃይሉክስ ላይ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ዘንግ ያለው የፍሬን ቫልቭ ይገኛል። ሻንሲው ከአክስሉ ሲቀርብ ጭነት አለ ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ይሰጣል፤ ሲርቅ ባዶ ነው ብሎ ይቀንሳል። ሊፍት ስትገጥሙ ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ዘንጉን በተነሳው ልክ የሚያስተካክል ማሰሪያ ይግባ። ይህ ካልተሠራ አሥር ኩንታል ይዛችሁ ከእንጦጦ ስትወርዱ የኋላ ፍሬናችሁ በሚገባ አይዝም።

የፊቱ ሥራ

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። የተጨመቀ ሞላ ጉልበቱ ሰው ይገድላል። በሃይሉክስ ፊት ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ናቸው። አንድ ላይ እንዳሉ ማውጣት በጋራዥ የሚሠራ ሥራ ነው። መለያየቱን ግን ትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ላለው ባለሙያ ስጡ። በአናቱ መሃል ላይ ያለውን ዳዶ መኪናው ላይ እንዳለ በፍጹም አትንኩ። የሚፈቱት በዙሪያው ያሉት ሦስቱ ናቸው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የሚዛን ዘንጉን ማገናኛ በሁለቱም ጎን ፍቱ። የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ማሰሪያ አላቁ። የታችኛውን የአሞርዛተር ብሎን አውጡ፣ ከዚያ የላዩን ሦስት ዳዶ። የታችኛውን ክንድ ወደ ታች ጫን ስትሉ ስብስቡ ይወጣል። ካልወጣ የላይኛውን ቦል ጆይንት መፍታት ያስፈልግ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጎማ ተሸካሚው ወደ ውጭ ወድቆ ሲቪ ጆይንቱን እንዳይመዝዘው በገመድ እሰሩት። አዲሱን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ግጠሙ። እዚህም የክንዶቹ ቡሽ ብሎኖች ከተነኩ የሚጠበቁት መኪናው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

ሃርድቶፕ ላይ የፊት አክስሉ ሙሉ ነው፤ ሞላው ብቻውን ስለሚወጣ ሥራው ይቀላል። ሌላ ጣጣ ግን አለው። ከፍ ሲል የፊት አክስሉ በትንሹ ይዞርና መሪው ወደ መሃል የመመለስ ጉልበቱን ያጣል፣ አስፋልት ላይ ይዋልላል። ለዚህ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ልዩ ቡሽ ይሸጣል። አክስሉን በወርድ የያዘው ዘንግም ወደ ጎን ይገፋዋል፣ የሚስተካከል ዘንግ ቢገባ ጥሩ ነው።

ጎማውን ገጥሞ መፈተሽ

ጎማውን ግጠሙና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ። ከዚያ ትልቁ ፈተና ይመጣል። አንዱን የፊት ጎማ ጠንካራ ከፍታ ላይ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ በዚያው ላይ መሪውን አዙሩ። ከዚያ ሌላውን ጎን። ብዙ ሰው ሊፍት ከገባ ጎማ አይነካም ብሎ ያስባል። ሊፍት የሚለውጠው መኪናው ሲቆም ያለውን ከፍታ ነው። ጎማው ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲጨመቅ የሚደርሰው ድሮ የሚደርስበት ቦታ ነው። እዚያ የሚያቆመው ባምፕ ስቶፕ የሚባለው የጎማ መቆሚያ ነው። ከላይ የሚነካ ከሆነ መቆሚያውን አርዝሙት እንጂ ሊፍቱን አትጨምሩ።

በብዛት የሚነካው ከፊት ጎማ ጀርባ ያለው የጭቃ መከላከያና የፓራፋንጎው ውስጥ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን በሙቅ አየር አለስልሶ ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል። የሚነካው ሻንሲ ወይም የሚዛን ዘንግ ከሆነ ግን ጎማው ወይም ቸርኬው ልክ አይደለም፣ ቀይሩት። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለም የፍሬን ቱቦዎቹ እንዳልተወጠሩ በእጃችሁ ዳስሱ። ከተወጠሩ ረዘም ያሉ ይግቡ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንትና ባላንስ ነው፣ ሳትዘገዩ። መሪው ልክ ሳይሆን ጥቂት ቀን ብትነዱ እንኳ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎን ይበላል። የፊት መብራቱንም አስወርዱ፣ ካልሆነ በማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ታሳውራላችሁ።

የፍጥነት መለኪያው አሁን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ከ265/70 ወደ 265/75 ከሄዳችሁ 80 ሲል ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ወደ 83 ትሄዳላችሁ፤ በ285/75 ወደ 86። ኪሎ ሜትሩም አሳንሶ ስለሚቆጥር መኪናው በድንገት ብዙ ናፍታ የሚጠጣ ይመስላችኋል። ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ የቆጣሪው ነው። በስልክ ጂፒኤስ አነጻጽሩና ልዩነቱን ያዙ።

የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች

ባዶ ሜዳ ወይም ጭር ያለ ፒስታ ፈልጉ። በ20፣ ከዚያ በ40 ፍሬን ያዙ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል? የማቆሚያው ርቀት ስንት ሆነ? ትልቅ ጎማ ከባድ ነው፣ ለማቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል። እግራችሁ ይህን እስኪለምደው ከእንጦጦ ቁልቁለት ራቁ። ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ።

መቶ ኪሎ ሜትር ስትሞሉ የጎማ ዳዶዎችን እንደገና አጥብቁ። ዩ ቦልቶቹንም አብራችሁ እዩ፣ 500 ላይ ድገሙ፣ 1,000 ላይ አንዴ። ባሌስትራ ሲቀመጥ ዩ ቦልት ይላላል። በዚያው የጻፋችሁትን ልኬት አውጥታችሁ አራቱን ማዕዘን እንደገና ለኩ። አዲስ ሞላ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው፤ አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ ግን ወደ ገጠመላችሁ ሰው ተመለሱ።

ጭቃ ውስጥ ስትገቡ የጎማውን ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ አውርዱና በዝግታ ሂዱ። ከ15 በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ስትደርሱ ሳትፈጥኑ የመጀመሪያው ጎሚስታ ጋ ቁሙና በበሩ ላይ በተጻፈው መጠን አስሞሉት፤ ትንሽ የነፋስ መሙያ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ቢኖራችሁ ደግሞ እዚያው ጭቃው ዳር ትሞላላችሁ።